ዕቃዬን መልሱልኝ ያለች ዕለት

ደገፋ ሚኒባሱን ከጋሽ ዲበኩሉ በር ላይ አቆመና፣ ሞተሩን ሳያጠፋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ በመስኮት ለቶሌራ አቀበለው።

"ከሁሩታ ነው፤ የቫልቩ ዕቃ" አለ። "ደግሞ ሶረቲ፣ ቮላኖ መንቀያዬን መልሱልኝ ብላለች።"

"ምን አለች?" አለ ቶሌራ።

"መንቀያዬን መልሱልኝ። የነገሩኝ አባቷ ናቸው፣ መልእክቱ ግን የሷ ነው። በል ተሳፋሪ አለብኝ፣ ቻው!"

ሚኒባሱ ወደ መናኸሪያው ወረደ። ቶሌራ ጥቅሉን በሁለት እጁ እንደያዘ አስፋልት ዳር ቆሞ ቀረ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋበት። አልሰማም።

የሆነውን ለመረዳት የአዳማውን የፍራንኮ ሰፈር ሳጥን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ዲበኩሉ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከትምህርት ቤቱ ያገኙት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ግቢያቸው ውስጥ ተቀመጠ። በዙሪያው አሥራ አንድ ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዳቸውም የሞተር ሳይክል መካኒክ አይደሉም። ሞተር ሳይክላቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢያቸው ራሳቸው የሚፈቱ፣ ሲሳካላቸው የሚኩራሩ፣ ሳይሳካላቸው ደግሞ ጎረቤት እንዳያይ በሸራ የሚሸፍኑ ሰዎች ናቸው። ቁልፍና ፒንሳ ሁሉም ቤት አለ። የቫልቭ ስፕሪንግ መጭመቂያ፣ ኩሽኔታ ማውጫ፣ ቮላኖን፣ የሞተሩን ከባድ ክብ ብረት፣ ከዘንጉ ላይ ሳይሰብር ስቦ የሚያወጣ መንቀያ ግን በዓመት አንዴ ቢፈለግ ነው፤ ሲፈለግም ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ልዩ ዕቃ አመጣና ሳጥኑ የሁሉም ሆነ።

ሕጉ ሁለት ነው። የተዋሰ ሰው ዕቃውን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ፣ ለምን እንደተጠቀመበት በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከዕቃው ጋር ጠቅልሎ ይመልሳል። ሁለተኛው ደግሞ፣ የራሱን ዕቃ መልሱልኝ ያለ አባል ማኅበሩን ለቋል። ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ ዕቃውን የጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ከጋሽ ዲበኩሉ ጋር ተጣልቶ ነው።

ሶረቲ ጀቤሳ ሁሩታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። የመሥሪያ ቤቷ ሞተር በየገጠሩ ሲሰበርባት ጠጋኝ መጠበቅ ሰልችቷት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ቮላኖ መንቀያ ይዛ ማኅበሩን ተቀላቀለች። ዕቃ ስትፈልግ ደገፋ ያደርስላታል። ሳጥኑን የሚያዘጋጀው ቶሌራ ስለሆነ ወረቀቶቿን የሚያነበው እሱ ነበር። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ "ኩሽኔታ ማውጫ። ለኋላ ጎማ። ሶረቲ።" የሚቀጥለው ትንሽ ረዘመ፦ "ዝናቡ መንገዱን ወሰደው። ላም ላዋልድ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ።" ቶሌራ በሚቀጥለው ጥቅል ውስጥ፣ "ላሚቱስ?" ብሎ ጻፈ። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ "ወንድ ወለደች። ስም አውጪለት አሉኝ፣ ያንተን ሰጠሁት። አትቀየም፣ በጣም ያምራል።"

ከዚያ በኋላ ወረቀቶቹ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ ሆኑ። በአካል የተያዩት አራት ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሰው መሐል ነው። ስልክ ነበራቸው፤ ለዕቃ ጉዳይ ካልሆነ አይደዋወሉም። በወረቀት የተባባሉትን በድምፅ ለመድገም ሁለቱም ያፍሩ ነበር።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ቶሌራ የቫልቩን ዕቃ ሲልክላት፣ አራት ጊዜ ቀዶ የጻፈውን ደብዳቤ አብሮ ጠቀለለ። መጨረሻው ላይ ጥያቄ ነበር፦ "ለአባትሽ ሽማግሌ ብልክ ምን ትይኛለሽ?"

አሁን ጥቅሉን ፈታው። ዕቃው ተወልውሎ ያብለጨልጫል። ወረቀት ግን የለውም። ጋዜጣውን ገለበጠ፣ አራገፈ። ምንም። ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ ጥቅል ልካ አታውቅም።

ስልኳን ሞከረ። ዝግ ነው። ስምንት ጊዜ ሞከረ። መልሱን በሁለት መንገድ ልካለታለች፤ ወረቀት በሌለው ጥቅልና በመንቀያዋ። በሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ስልኳን ዘግታለች። ደረቱ ውስጥ አንድ ብሎን ጥርሱ አልቆ በባዶው የሚሽከረከር መሰለው።

*

"ደብዳቤውን ከምን ጋር ነው የላክህላት?" አለች ከአባላቱ አንዷ አማል፣ ቶሌራ በጋሽ ዲበኩሉ ግቢ ሁሉን ሲነግራቸው። ፋርማሲ የምትሠራ፣ ስኩተሯን ከወንዶቹ ቀድማ የምትፈታ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት ናት።

"ከቫልቭ መጭመቂያው ጋር።"

"ያ ረቢ! ሰው በአበባ ይጠይቃል፣ አንተ በግራሶ?"

"የት ልጽፈው ታዲያ? እንደሱ ነው የለመድነው" አለ ቶሌራ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። "እምቢ ያሰኟት አባቷ ናቸው። አንዴ ዕቃ ላደርስ ሄጄ፣ ምን ትሠራለህ ሲሉኝ፣ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካ የማሽን ጥገና አልኳቸው። ዞር ስል ለአጠገባቸው ሰው፣ 'ፋቂ ነው እንግዲህ' ሲሉ ሰማሁ።"

አማል መሳቋን አቆመች።

ጋሽ ዲበኩሉ መንቀያውን ከሳጥኑ አወጡ፣ በጨርቅ ወለወሉ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ዘይት ቀቡ። "የለቀቀ አባል ዕቃ በሚኒባስ አይላክም" አሉ። "በእጅ ይዘን፣ አመስግነን ነው የምንመልሰው። ተነሱ።"

"ዛሬ ጋሼ?"

"ነገማ ቤተ ክርስቲያን አለብኝ።"

"እኔ አልሄድም" አለ ቶሌራ። "እሷን ማስጨነቅ አልፈልግም።"

"መጨረሻ ላይ የተጠቀመበት ማን ነው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ትሄዳለህ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ። የሰው ልጅ የሚጠየቀው ፊት ለፊት ነው። አባትህ በሕይወት የሉም፣ እናትህ ኩየራ ናቸው። አንድ ሽማግሌ አጠገብህ ተቀምጦ ሳለ በጋዜጣ ጠቅልለህ ላክህ። ምን ነካህና እኔን አልጠየቅከኝም?"

ቶሌራ ዘይት የተቀባውን መንቀያ ከእጃቸው ተቀበለ።

"እሷ እምቢ ካለች ከአፏ እንስማ" አለች አማል፣ የራስ ቁሯን እየያዘች። "አባቷ ካሉም ከአፋቸው። በሾፌር አፍ የመጣ እምቢታ እኔ አልቀበልም።"

ቶሌራ ተነሣ። እግሩን ያንቀሳቀሰው ተስፋ አልነበረም። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከእሱ ጋር ሊያፍሩ ፈቃደኛ መሆናቸው ብቻ ነበር፤ ይህም ለጊዜው በቃው።

*

ጋሽ ዲበኩሉ ከቶሌራ ኋላ ተቀመጡ፣ አማል በስኩተሯ ተከተለች። መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻገሩ፣ ዴራን አልፈው ወደ ደጋው ወጡ። ጊዜው ኅዳር ነበርና ስንዴው ደርሷል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ኮምባይነሮች ቢጫውን ማሳ እየላጩ አቧራ ያስነሳሉ። ጋሽ ዲበኩሉ በየመታጠፊያው የቶሌራን ትከሻ ጨበጥ ያደርጉ ነበር፤ ፈርተው ይሁን ሊያበረታቱት፣ አልጠየቃቸውም።

ሶረቲ ስለዚህ መንገድ ጽፋለታለች። ጉድጓዱን፣ ጥላ ያለውን ዋርካ፣ ከብት የሚሻገርበትን ኩርባ ሁሉ ያውቀዋል። በመጀመሪያ ጉዞው ልብ ያላለው ዋርካ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ አየው። ልክ እንዳለችው ነበር፤ በአንድ በኩል ብቻ ያዘነበለ። በዓይኗ ያየውን አገር ለመሰናበት የመጣ መሰለው።

*

የሶረቲ አባት የአቶ ጀቤሳ የእህል መጋዘን በር ገርበብ ብሏል። አዝመራ በሚገባበት ቅዳሜ ሚዛኑ አጠገብ አለመገኘታቸው እንግዳ ነገር ነው። የአቶ ጀቤሳ እህት ወይዘሮ ዘርፉ ወጡና ሦስቱን እንግዶች ከላይ እስከ ታች አዩ።

"አካም ጅርቱ? ግቡ፣ ተቀመጡ።"

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ዲበኩሉ፣ ኮታቸውን እየቆለፉ።

ወይዘሮ ዘርፉ ይህን የሽማግሌ አነጋገር ያውቁታል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ወንድሜን ልጥራ። ሶረቲ የለችም፣ ለከብት ክትባት ቆላ ከወረደች አሥራ አምስት ቀኗ ነው። በድንገት ነው የጠሯት፣ ስልክም አይሠራ።"

ቶሌራና አማል ተያዩ።

በዚያው ቅጽበት ከመጋዘኑ ጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። ሦስቱም ያወቁት ድምፅ ነበር፤ አንድ ሰው ሞተር ሳይክል በእግሩ እየመታ፣ ሞተሩ አንዴ ሳል ብሎ ዝም የሚልበት ድምፅ። ቀጥሎም የስድብ ቃል።

አቶ ጀቤሳ ወጡ። ሁሩታ ውስጥ ባርኔጣቸው ሳይዛነፍ የሚታወቁት ትልቅ ነጋዴ ሸሚዛቸውን እስከ ክርናቸው ጠቅልለዋል፤ እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጥቁር ነው። ጋሽ ዲበኩሉ እጃቸውን ሲዘረጉ ክርናቸውን ሰጡ።

"ያ ዕቃ መጣ?" አሉ ወዲያው፣ የቶሌራን እጅ እያዩ።

"መጥቷል" አሉ ጋሽ ዲበኩሉ በክብር። "ኦቦ ጀቤሳ፣ ልጅዎ ማኅበራችንን ስለለቀቀች አመስግነን ልንመልስ ነው የመጣነው።"

"ማን ነው የለቀቀ?"

"ሶረቲ። ዕቃውን የጠራ ለቀቀ ማለት ነው፤ ሕጋችን ነው።"

አቶ ጀቤሳ አንገታቸው ቀላ። "የጠራሁት እኮ እኔ ነኝ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ቮላኖው አልነቀል ብሎኝ። በሷ ስም አስጠራሁ። ሕግ እንዳላችሁ በምን አውቃለሁ?"

አማል ሳቋን ለመደበቅ የራስ ቁሯን ፊቷ ላይ አደረገች።

"የቫልቩንስ ዕቃ?" አለ ቶሌራ፣ ከገባ የመጀመሪያው ቃሉ ነው። "ውስጡ ወረቀት ነበረው።"

አቶ ጀቤሳ በሁለት ጣታቸው ከሸሚዛቸው ኪስ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ትልቅ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። "በሄደች ማግስት መጣ። ዕቃውን ፈልጌ ፈታሁት፣ ይኼን አገኘሁ።"

"አነበቡት?" አሉ ጋሽ ዲበኩሉ።

"እስከ ሁለተኛው መስመር። ከዚያ ለእኔ እንዳልሆነ ገባኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።"

ወይዘሮ ዘርፉ፣ "አንተ ሰውዬ!" አሉ።

"ምን ላድርግ? ልስጣት ብል ይህን አሻራ ምን ልላት ነው?" አቶ ጀቤሳ ወደ ጋሽ ዲበኩሉ ዞሩ። "እንግዲህ ጉዳያችሁ ይኼ ከሆነ እውነቱን ልናገር። ልጁ ጨዋ ነው፤ ደብዳቤውም ደህና ነው። ግን የሥራው ነገር... ሰው ምን ይላል? የጀቤሳን ልጅ ቆዳ..."

"አባባ" አለች አማል በለሰለሰ ድምፅ፣ "ጫማዎ ከምንድን ነው የተሠራው?"

አቶ ጀቤሳ ወደ ጫማቸው አዩ። ጥሩ ቡናማ ጫማ ነበር። ቆይተው ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። በርሚል ላይ ተደግፈው፣ እንደ ትልቅ ነጋዴ ሳይሆን እንደ ደከመው ሰው ተናገሩ።

"ያቺን ሞተር የገዛኋት የሰው እህል በኩንታል ስመዝን ነው። በሷ ነው ያገባሁት፤ የሶረቲን እናት ከኋላ አፈናጥጬ ከኢተያ እዚህ አመጣኋት። መጋዘን ስሠራ፣ ለአንተ ዓይነት ሰው ሞተር መፍታት አይገባም አሉኝ። እዚያ ጓሮ ቆለፍኩባት። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ልጄ ገጠር በወጣች ቁጥር ተደብቄ እፈታታለሁ። በስድሳ አራት ዓመቴ፣ እንደ ሌባ።" ጥቁር እጃቸውን አዩት። "ልጄ፣ ያን ቀን ያልኩትን ሰምተህ ነበር?"

ቶሌራ ሊዋሽ ፈለገ፣ አልቻለም። "ሰምቻለሁ አባባ።"

"ይቅር በለኝ።"

ከእሱ በዕድሜ እጥፍ የሆኑ ሰው በእህታቸው ፊት ይህን ሲሉ ቶሌራ የተዘጋጀበት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋበት። "ይቅር ለእግዜር" አለ። ይህን ያህል ቀሎት አያውቅም።

*

ሶረቲ የደረሰችው ያኔ ነው። ሞተሯ ከኋላው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ታስሮበታል፤ እሷ ከራስ ቁሯ እስከ ቦት ጫማዋ አቧራ ናት። ግቢው ውስጥ በዝምታ የቆሙትን ሰዎች ስታይ ከሞተሩ ላይ ዘላ ወረደች።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ" አሉ ወይዘሮ ዘርፉ። "አባትሽ ብቻ በሐፍረት ሊሞት ነው።"

ያኔ ቶሌራን አየችው። እሱም አያት። አቧራው መሐል ዓይኗ ብቻ ንጹሕ ነበር፤ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ጥያቄ ሆነ። ቶሌራ ከአዳማ እስከዚያ ድረስ በልቡ የያዘው ስንብት እንደ ጨው ሟሟ።

"አልለቀቅሽም?" አላት።

"ምኑን?"

አቶ ጀቤሳ ደብዳቤውን ሰጧት። አሻራውን አየች፣ የአባቷን ክንድ አየች፣ ተመልሳ አሻራውን አየች። "አባዬ! ዕቃዎቹ እኔ ከወለወልኳቸው በላይ ንጹሕ ሆነው የማገኛቸው... እኔ እኮ አዳዳ ዘርፉ ናት እያልኩ ነበር!"

"እኔ ብረት ልወለውል?" አሉ አክስቷ ተቆጥተው።

ሶረቲ ወደ ግድግዳው ዞራ አነበበች። መጨረሻው ጋ ስትደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ቶሌራ ትከሻዋን ብቻ ነው የሚያየው፤ ከትከሻ መልስ ማንበብ እንደማይቻል ያኔ አወቀ።

ዞረች። "በወረቀት ጎበዝ ነህ" አለችው። "ሁለት ዓመት ሙሉ በአፍህ የነገርከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ 'ጎማሽ ንፋስ አንሶታል።' አሁን ይኼን በአፍህ በለው።"

"እዚህ?"

"እዚህ።"

"ሰው ፊት?"

"አባቴ አንብቦታል፣ ምን ቀረህ?"

ቶሌራ አፉን ከፈተ። በዚያው ሰዓት በበሩ ፊት አንድ ኮምባይነር እያጓራ ማለፍ ጀመረ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ አንድ ቃል አይሰማም። ሶረቲ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ድምፁን ከፍ አደረገ። ኮምባይነሩ ከእሱ ይበልጥ ጮኸ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፣ ኮምባይነሩም ድንገት መታጠፊያው ላይ ሞተሩን አጠፋ።

"... ከአንቺ ጋር መኖር ነው የምፈልገው! እስከማረጅ!"

ድምፁ እስከ ገበያው ተሰማ። ከማዶ አንድ የስንዴ ተሸካሚ፣ "እኔም!" ብሎ መለሰለት። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ወይዘሮ ዘርፉ እልልታውን ሊያቀልጡት አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ጀቤሳ ክንዳቸውን ያዙ።

"ገና ነው ዘርፉ! መልሷን ሳንሰማ!"

ሶረቲ አልሳቀችም። ቀረብ አለችው። "እኔ ሁሩታን አልለቅም። ከብቶቼ እዚህ ናቸው።"

"አውቃለሁ። ልቀቂ አልልሽም።"

"አንተ ሞጆ ነው የምትሠራ።"

"መንገድ እችላለሁ። ከዚህ እየተነሣሁም ቢሆን።"

"ክረምት ላይ ጭቃው አያሳልፍም።"

"በእግሬ እመጣለሁ። አንቺ ለላም ከሄድሽ እኔ ላንቺ አልሄድም?"

ያኔ እንባዋ አቧራው ላይ ሁለት መስመር አበጀ፤ ልትጠርገው ብላ ጭቃ አደረገችው። "እሺ" አለች። ቃሉ ትንሽ ነበር። ቶሌራ ግን ሁለት ዓመት ካነበበው ሁሉ ይህን ያህል የከበደ ቃል አላገኘም። እልልታው ከወይዘሮ ዘርፉ አፍ አምልጦ ወጣ።

"በሉ አሁን ተቀመጡ" አሉ አቶ ጀቤሳ። ጋሽ ዲበኩሉ ጉልበታቸውን ይዘው የስንዴ ጆንያ ላይ ዘፍ አሉ።

"ሽማግሌ በአንድ ቀን አይመለስለትም" አሉ ወይዘሮ ዘርፉ ትዝ ብሏቸው። "ሦስት ጊዜ ነው ወጉ።"

"ይምጡ እንጂ! ገና ሁለት ጊዜ ይምጡ" አሉ ወንድማቸው። "ሞተሯ መቼ ተነሣች? መምህር፣ እስኪ መጀመሪያ ይዩልኝ። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፣ ቤንዚኑም ይወርዳል..."

አማልና ጋሽ ዲበኩሉ ተከትለዋቸው ወደ ጓሮ ገቡ። ወዲያው ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሲከራከሩ ተሰማ። ወይዘሮ ዘርፉም ምሳ ሊያዩ ገቡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሶረቲ የራስ ቁሯን አውልቃ ፀጉሯን አራገፈች። ቶሌራ ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለች ቀጭን ጠባሳ አየ።

"ይቺን አላውቃትም" አለ።

"ወይፈን ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ወግቶኝ።"

"አልጻፍሽልኝም።"

"ሁሉም ይጻፋል እንዴ?" አለች፣ እየሳቀች።

እሱም ሳቀ። በደብዳቤዎቿ ሙሉ በሙሉ ያወቃት መስሎት ነበር። አሁን ግን ገና ምን ያህል ያላወቀው እንደቀረ አየና፣ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ባለማወቁ ደስ ብሎት አያውቅም።